ፈጣኑን መስመር የሚያዘገየው የዕቃ ብዛት አይደለም

በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ከፈጣኑ የክፍያ መስመር በላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ 10፣ 12 ወይም 15 የሚል ቁጥር ይዟል። ከዚያ በላይ ዕቃ የያዘ በሌላ መስመር ይሂድ ማለት ነው። ወረፋ የያዘ ሰው ዓይኑ ከፊቱ ባለው ሰው ቅርጫት ላይ ያርፋል፤ 16ኛዋን ዕቃ ሲያይ ይናደዳል፤ ንዴቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወርደው ደንቡን በጣሰው ደንበኛ ሳይሆን በካሸሯ ላይ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ከማሽኑ ጀርባ የቆሙት ብዙዎቹ የእኛው እናቶች፣ እህቶችና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ያ ቁጥር ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ ካሸሯም ምን ሥልጣን እንዳላትና እንደሌላት በዝርዝር ቢታወቅ እወዳለሁ።

ከሒሳቡ እንጀምር። ዳን ሜየር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ2009 ሱፐርማርኬት ውስጥ ቆሞ የክፍያ መስመሮችን ሰዓት ለክቶ ነበር። (ከዚህ በታች የአሜሪካን ጉዳይ የሚመለከቱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያገኘው ውጤት ይህ ነው፤ አንድ ደንበኛ የያዘው ዕቃ ምንም ያህል ቢሆን ለሰላምታ፣ ለክፍያ፣ ለደረሰኝና ቦታውን ለመልቀቅ 41 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዕቃ የሚጨምረው 3 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ስሌት አምስት አምስት ዕቃ የያዙ አራት ሰዎች 224 ሰከንድ ይፈጃሉ። ስድሳ ዕቃ በጋሪ የሞላ አንድ ሰው ደግሞ 221 ሰከንድ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

እንግዲያው ከተፈቀደው አምስት ዕቃ አሳልፎ የመጣ ሰው ያዘገየን 15 ሰከንድ ነው። ሦስት ዕቃ ይዞ መጥቶ ድምሩ ከተነገረው በኋላ ቦርሳው ውስጥ ካርዱን 40 ሰከንድ የሚፈልግ ሰው ግን የ13 ዕቃ ጊዜ ወስዷል፤ ያም ሆኖ ማንም በክፉ ዓይን አያየውም። ዋና ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው። የፈጣኑ መስመር ሥነ ሥርዓት ከቅርጫቱ ይልቅ በክፍያው ላይ የሚታይ ነው።

ይህን ስል ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቁጥሩ የሚጠብቀው ፍጥነትን ሳይሆን እርግጠኝነትን ነው። ወተትና ዳቦ ብቻ የያዘ ሰው የወር አስቤዛ ከሚያወርድ ቤተሰብ ኋላ ሲቆም ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መገመት አይችልም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ የያዘበት መስመር ግን ቢረዝምም ሳያቋርጥ ይሄዳል። ሠላሳ ዕቃ ይዞ የሚገባ ሰው የሚያጠፋው ይህን እርግጠኝነት ስለሆነ ትክክል አይደለም። አንድና ሁለት ዕቃ ማለፍ ግን ሰው የሚያስኮርፍ ነገር አይመስለኝም።

አቆጣጠሩ ራሱ ያከራክራል፤ መደብሮችም አንድ ዓይነት ደንብ የላቸውም። አብዛኛው ሰው የሚስማማበት ይህ ነው፤ በአንድ ባርኮድ የሚነበብ ሁሉ አንድ ዕቃ ነው። ባለስድስት ጠርሙስ ጥቅል አንድ ነው፣ በአንድ ፌስታል ያለ ቲማቲም አንድ ነው፣ ባለ10 ፓውንድ የሽንኩርት ከረጢትም አንድ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ስምንት የድመት ምግብ ጣሳዎች ካሉ ካሸሯ አንዱን አንብባ ብዛቱን ልትመታ ትችላለች። ስምንት እርጎ በስምንት ጣዕም ከሆነ ግን ዋጋቸው እኩል ቢሆንም እያንዳንዱን ማንበብ አለባት። የእንጆሪውን ስምንት ጊዜ ብትመታው መደብሩ ያልሸጠውን እንጆሪ ሸጫለሁ ብሎ ያዝዛል፤ ያለቀውን ማንጎ ደግሞ አያዝዝም። «ሁሉም አንድ ዋጋ ነው፣ ዝም ብለሽ ምቺው» የሚላት ደንበኛ እንድትሳሳት እየጠየቃት መሆኑን ልብ አይልም።

ባርኮድ መጀመሪያ በሱፐርማርኬት የተነበበው ሰኔ 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ግዛት ትሮይ በምትባል ከተማ ነው። መደብሩ ማርሽ ይባል ነበር፤ ካሸሯ ሻረን ቡካናን፤ ዕቃው 67 ሳንቲም የሚሸጥ የሪግሊ ጁሲ ፍሩት ማስቲካ ጥቅል። ከዚያ በፊት ካሸር ዋጋ በጣቷ ትመታ ነበር። ባርኮዱ ያን ሸክም አቃለለ፤ አትክልትና ፍራፍሬን ግን አልነካም። ሙዝ ዛሬም በጣት የሚመታ ቁጥር ነው፣ 4011፤ ኦርጋኒኩ ከፊቱ 9 ተጨምሮበት 94011። ነጭ ሽንኩርት 4608፣ ዝንጅብል 4612፣ ቀይ ሽንኩርት 4082፣ ጎመን 4614። የድንብላል ቅጠል 4889 ነው፣ ፓርስሊ 4899፤ በመልክም በቁጥርም ለመምታታት የተሠሩ ይመስላሉ። ጥሩ ካሸር ከእነዚህ ብዙዎቹን በቃሏ ታውቃለች። ተለጣፊዋ ወረቀት የወደቀችበት ፍሬ ወይም በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ የመጣ ቅጠል ሲያጋጥማት ግን ፈትታ ማየት አለባት። ስለዚህ አትክልቱን በሚያሳይ ፌስታል አድርጉ፤ ቋጠሮውን አታጥብቁ፤ ኦርጋኒክ ከሆነ ሳትጠየቁ ንገሯት።

አሁን ወደ ክፍያው፤ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነውና። ካርዱ ወይም ስልኩ ዕቃው ከመነበቡ በፊት በእጅ ይሁን። ብዙ ማሽኖች ገና ዕቃ እየተነበበ ሳለ ካርድ ይቀበላሉ። የመደብሩ የቅናሽ ቁጥር ካላችሁ መጀመሪያ አስገቡት፤ ከድምሩ በኋላ ሲገባ ቅናሹን ለማስተካከል ሱፐርቫይዘር መጥራት ሊያስፈልግ ይችላል። የማትፈልጉትን ዕቃ ከመነበቡ በፊት መልሱላት። ከተነበበ በኋላ ለመሰረዝ በብዙ መደብሮች የሱፐርቫይዘር ቁልፍ ወይም የይለፍ ቁጥር ይፈለጋል፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ሁላችንም ቆመን እንጠብቃለን። የተዋችሁትን ሥጋ ወይም ወተት ማስቲካው መደርደሪያ ላይ አትደብቁት። ከ41 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሲቆይ ይጣላል እንጂ ተመልሶ አይሸጥም። «ይሄን አልፈልገውም» ብሎ በእጇ መስጠት ዕቃውን ያድናል፤ ማንም አይቀየማችሁም።

በጥሬ ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ ሳንቲም መጨመራችሁን ቀድማችሁ ወስኑ። ድምሩ 12 ዶላር ከ37 ሳንቲም ሆኖ 20 ሰጣችኋት እንበል። 20 ብላ ከመታች ማሽኑ መልሱን 7 ዶላር ከ63 ሳንቲም ብሎ አውጥቷል። አሁን «ቆይ 37 ሳንቲም አለኝ» ስትሉ ያ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ መልሱ 8 ዶላር መሆኑን በራሷ ጭንቅላት ማስላት አለባት፤ ከኋላችሁ ስድስት ሰው እያያት። የመሳቢያ ጉድለት ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ገንዘቡን ደግሞ በእጇ ስጧት። እጇን ዘርግታ እያለች ብሩን ጠረጴዛ ላይ መወርወር በሀገራችንም በዚህም ሀገር ንቀት ነው።

ስለ ኢቢቲ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ፣ የስናፕ፣ ገንዘብ የሚጫንበት ካርድ) እና ስለ ዊክ (ለነፍሰ ጡሮች፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጥ የምግብ ድጋፍ) ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ አዲስ መጪ ቤተሰቦቻችን ይጠቀሙባቸዋልና። የስናፕ ገንዘብ የያዘ የኢቢቲ ካርድ ፈጣኑን መስመር አያዘገይም፤ ባለአራት አኃዝ የምስጢር ቁጥር ነው፣ አለቀ። መጠንቀቅ ያለባችሁ በቅደም ተከተሉ ነው፤ ኢቢቲው መጀመሪያ ይለፍ፣ ቀሪው በሌላ ካርድ ይከፈል። ትኩስ የበሰለ ምግብ፣ ሳሙና፣ የወረቀት ዕቃ፣ ቫይታሚንና አልኮል በስናፕ አይገዙም፤ ማሽኑ ራሱ ይለያቸዋል፤ ካሸሯ ጨክና አይደለም። ዊክ ግን ሌላ ነው። የሚፈቀደው ምግብ በዓይነት፣ በመጠንና ብዙ ጊዜ በምርት ስም የተወሰነ ነው። ከ12 እስከ 24 ወር ላለ ሕፃን የተፈቀደው ሙሉ ስብ ያለው ወተት ነው፤ ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ ግን በመደበኛው ስቡ የተቀነሰው ነው። የሕፃናት ዱቄት ወተትም ግዛቱ ውል የገባበት ምርት ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም። አንዱ ዕቃ ሲመለስ አንድ ሰው ወደ መደርደሪያው ሄዶ ትክክለኛውን ማምጣት አለበት። ዊክ ያለው ሰው በፈጣኑ መስመር የመቆም ሙሉ መብት አለው፤ ማንም በንቀት ሊያየው አይገባም። እኔ የምመክረው ግን ሰፊውን መስመር ነው፤ እዚያ ስህተት ቢፈጠር የሚያቻኩላችሁ ሰው ያነሰ ነው። ከመደርደሪያው ስር ያለውን የዊክ ምልክት እያያችሁ ምረጡ፤ የፕሮግራሙን የስልክ መተግበሪያ አውርዳችሁ ባርኮዱን እዚያው መደርደሪያ ላይ አንብቡት።

ካሸሯ ታዲያ ሠላሳ ዕቃ የያዘውን ለምን አትመልሰውም? በአብዛኞቹ መደብሮች ደንበኛ ማሽኑ ዘንድ ከደረሰ አይመለስም የሚል መመሪያ ስላለባት ነው። ብትመልሰው ቅሬታው ለማናጀር ይደርሳል፤ ስሟ ወይም ቁጥሯ ደረሰኙ ላይ ታትሟል። ሌላም ምክንያት አለ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ጋሪ የሞላውን ሰው «እዚህ ና» ብሎ ይጠራዋል። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ የመጣ ሰው ያን አላየም፤ የሚያየው ደንብ የጣሰ ሰውና ዝም ያለች ካሸር ነው። ሰሌዳውን የሰቀለው መደብሩ ነው፣ ሥልጣኑን የነፈጋትም መደብሩ ነው፣ ቁጣውን የምትቀበለው ግን እርሷ ብቻ ናት። ይህ ያናድደኛል። ቅሬታ ካላችሁ ሱፐርቫይዘሩን «ሌላ መስመር ይከፈት» በሉት፤ መስመር የሚከፍተው እርሱ ነው።

ፈጣን መስመር ላይ የሚመደቡ ሰዎች ሥራው የቀለለላቸው የሚመስለን በከንቱ ነው። ከላይ ባለው ስሌት ወረፋው ካልተቋረጠ በስድሳ ዕቃ መስመር በሰዓት 16 ሰው ይስተናገዳል፤ በአምስት ዕቃ መስመር ግን 64 ሰው። አራት እጥፍ ሰላምታ፣ አራት እጥፍ የመሳቢያ መክፈትና መዝጋት፣ አራት እጥፍ «ፌስታል ይፈልጋሉ?» ማለት ነው። ፌስታሉም ራሱ ጠብ ነው። በዲሲ ከጥር 2010፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2012 እስከ 2025፣ በፌርፋክስ፣ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ ደግሞ ከጥር 2022 ጀምሮ የመጣውን የ5 ሳንቲም ሕግ እርሷ አላወጣችውም። በየሰዓቱ ግን ትሰደብበታለች። ባርኮዱ አልነበብ ሲል «ነጻ ነው ማለት ነው!» የሚላት ሰው ቀልዱን እርሱ የፈጠረው ይመስለዋል፤ እርሷ ግን ጠዋትም ሰምታዋለች፣ ከሰዓትም ትሰማዋለች፣ ሁሌም ፈገግ ማለት ይጠበቅባታል። በስልክ እያወሩ መክፈል ደግሞ ከዚህ ይከፋል። የልደት ቀን ወይም የፌስታል ቁጥር ልትጠይቅ ስትል በጣት ምልክት ዝም የምትባል ሰው ምን ይሰማታል?

ሰውነቷ ላይ የሚደርሰው በቀላሉ አይታይም። ሲመሽ የሚያብጥ እግር፣ ወደ አንድ ጎን እየተጠማዘዘ የሚያልቅ ወገብ፣ ባርኮድ ፍለጋ ዕቃ እያገላበጠ የሚታመም የእጅ አንጓ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት አስተዳደር፣ ኦሻ፣ በ2004 ለሱፐርማርኬቶች መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ ከእግር ስር ድካም የሚቀንስ ምንጣፍ፣ እግር ማሳረፊያ፣ ከባድ ዕቃን ከጋሪ ሳያነሱ በእጅ ማንበቢያ መመዝገብን ይመክራል። መመሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። አልዲ ካሸሮቹን ያስቀምጣል፤ ፍጥነታቸው ደግሞ የታወቀ ነው። ሌሎቹ መደብሮች ለምን እንደሚያቆሙ አጥጋቢ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም። በካሊፎርኒያ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 የሥራው ባሕርይ ከፈቀደ ወንበር ሊሰጥ ይገባል የሚለውን ደንብ ለሠራተኛው በሚጠቅም መንገድ ተርጉሞታል። ደንበኛ ማድረግ የሚችለው ከባዱን ዕቃ ጋሪው ውስጥ ትቶ ባርኮዱን ወደ ላይ ማዞር ነው። ሩዙንና የውኃውን ካርቶን ቤልቱ ላይ አታውጡት።

ለካሸሮቹ ደግሞ ጥቂት ነገር። ዕረፍትን በተመለከተ የፌዴራል ሕግ አያስገድድም፤ ሜሪላንድ ግን 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን የችርቻሮ መደብሮች ያስገድዳል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት በተከታታይ ለሠራ 15 ደቂቃ፣ ከ6 ሰዓት በላይ ለሠራ 30 ደቂቃ። «ዛሬ ሰው የለም» የሚለው መልስ ይህን አይሽረውም። የመሳቢያ ጉድለት ከደመወዝ ሲቆረጥም በፌዴራል ሕግ ክፍያችሁን ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች ማውረድ አይቻልም። ሀገር ቤት ለሚሠሩትም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ የሚቆረጠው በጠቅላላ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ብዙ ሂሳብ ተቀባዮች ይህን ሳያውቁ ይቆረጥባቸዋል። በዲሲ አካባቢ ጃያንትና ሴፍዌይ ውስጥ የምትሠሩ የማኅበራችሁን፣ የዩኤፍሲደብልዩ ሎካል 400ን፣ ውል አንብቡ፤ ከሕጉ የተሻለ ነገር የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

ጉድለትን የሚከላከለው ልማድ ነው። የተቀበላችሁትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ «ከ50»። መልሱን ቆጥራችሁ እስክትሰጡ ድረስ ኖቱን መሳቢያ ውስጥ አታስገቡት፤ ከላይ በአግድም አስቀምጡት። «100 ነው የሰጠሁሽ» የሚል ሰው ያኔ መልስ ያገኛል። ኖቱን ከመልሱ ጋር አንድ ላይ እንዲዘረዘርለት እየጠየቀ፣ ሐሳቡን እየቀያየረ የሚያጣድፍ ሰው ሲመጣ አንዱን ጨርሱ፣ መሳቢያውን ዝጉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጀምሩ። ሌባው የሚኖረው በመካከሉ ባለው ግርግር ነው። ሐሰተኛ ኖት መለያ ብዕር ብቻውን አይበቃም፤ እውነተኛ 5 ዶላር ታጥቦ 100 ሲታተምበት ብዕሩ ያልፈዋል። ወደ ብርሃን አንሱትና የደኅንነት ክሩን አንብቡ፤ በአልትራቫዮሌት መብራት የ20ው ክር አረንጓዴ፣ የ50ው ቢጫ፣ የ100ው ሮዝ ያበራል። አንዲት አዛውንት ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ተጨንቀው፣ የ500 ዶላር የስጦታ ካርድ ሲገዙ ካያችሁ «እማማ፣ ማን ነው ግዙ ያለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሱፐርቫይዘርም ጥሩ። ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤትም ሆነ ፖሊስ በስጦታ ካርድ ክፈሉኝ አይልም።

ከእኛ ሰው ጋር የሚያያዝ አንድ ጉዳይ ይቀራል። የአክስቱ ልጅ ካሸር የሆነችበት ሰው ወደ እርሷ መስመር መሄድ ዝምድና ይመስለዋል። ብዙ መደብሮች ካሸር ለቤተሰቧ እንዳታስተናግድ ይከለክላሉ፤ ሳይነበብ ያለፈ አንድ ዕቃ ወይም ያለአግባብ የተሰጠ የሠራተኛ ቅናሽ ከሥራ ያባርራል፤ ከላይ ያለው ካሜራ ደግሞ አማርኛችንን ባይሰማም እጇን ያያል። ወደ ሌላ መስመር ስትመራችሁ አትኩረፉባት። «ትንሽ አስተያየት አድርጊልኝ» የሚለውንም ገበያ ላይ ትታችሁ ግቡ፤ የመቀነስ ሥልጣን የላትም። ሰላምታውም ቢሆን እናትና አባት፣ ልጆች፣ ሀገር ቤት ያሉት ሁሉ ደኅና መሆናቸው እስኪጣራ ድረስ ከሄደ ከኋላ ያለው ሰው የሚያጉረመርመው በእርሷ ነው። «እንደምን ዋልሽ፣ ማታ እደውላለሁ» ይበቃል።

በዓል ሲመጣ ደግሞ ይህ ሁሉ ይደራረባል። የአሜሪካ መደብር ለታንክስጊቪንግ ሠራተኛ ይጨምራል፤ ለገና ዋዜማችን ግን፣ በፈረንጆቹ ለጃንዋሪ 6፣ ኢትዮጵያውያን ካልበዙበት ሰፈር በቀር የተለየ ዝግጅት አያደርግም። ፋሲካም ከእነርሱ ጋር በማይገጥምበት ዓመት እንደዚያው ነው። በዚያ ምሽት ሁለት ካሸር ብቻ ባለበት መደብር ሽንኩርቱ፣ እንቁላሉና ዶሮው በአንድ ጊዜ ይመጣል። የሚቻል ከሆነ ሽንኩርቱን ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ግዙ፤ አይበላሽም። ዋዜማው ላይ የቀረችው ነገር ዝንጅብል ወይም ቅቤ ብቻ ከሆነች ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ሂዱ፤ መስመሩ ባዶ ነው፤ ካሸሯም ገና አልደከማትም።